ባለ ሽቦው ጃንጥላና እናቴ

ሰው በጃንጥላ ይናደዳል? እኔ ተናድጃለሁ። ዝናብ አስገብቶብኝ አይደለም። ይሄ ጃንጥላ ዝናብ ካየ ስንት ዘመኑ። ፎቶ ውስጥ ነው ያለው፤ ፎቶውም ግድግዳ ላይ ነው። ከሥሩ የቆመችው ደግሞ እናቴ ናት። ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ ንዴቱ ቀድሞኝ ነው።

ዛሬ ነቀምት ውስጥ ፎቶ የማያነሳ ማን አለ? ጎረቤቴ አዴ ብርቄ ዶሮዋ እንቁላል በጣለች ቁጥር አንስታ ሳውዲ ላለችው እህቷ ትልካለች። እህትየውም ሥራ ፈታ ዶሮዋ ከስታለች ብላ ትመልሳለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ኑኑ ቁምባ የአክስቴን ልጅ ልቀብር ሄጄ ነበር። ቪዲዮ የሚቀርጸው ሰውዬ ሬሳው ከቤት ሲወጣ ለካ ካሜራውን አላበራውም። በኋላ መጥቶ ምን ቢለን ጥሩ ነው? የቅድሙን ለቅሶ እባካችሁ አንዴ ድገሙልኝ አለ። ደገምንለት። ምን እናድርግ? እንዲያውም ሁለተኛው በለጠ። ቅድም እጇን አጣጥፋ የቆመችው የሟቹ አማት እንኳን ካሜራው ሲዞርባት መሬት ላይ ተንከባለለች። ሟቹ ቀና ብሎ ቢያያት ኖሮ ይህን ያህል እንደምትወደው ያኔ ገና ይገባው ነበር።

እና ፎቶ ለዶሮም ለአማትም ደርሷል እያልኳችሁ ነው። እናቴ ጋ ግን አልደረሰም። እናቴ ጫልቱ በዕድሜዋ ፎቶ የተነሳችው አንድ ቀን ነው። እሱንም ጥላው ሄደች። ለምን? በእኔ ምክንያት። በእኔ ስል፣ በአህያው ምክንያት።

ነገሩ የሆነው የወለጋዋ ሲሬ ውስጥ ነው። ያኔ እዚያ ነበር የምንኖረው፤ እናቴ ቅቤ ትሸጣለች። በገበያ ቀን አንድ ፎቶ አንሺ ይመጣ ነበር፤ ሦስት እግር ያለው የእንጨት ሳጥን ተሸክሞ። ራሱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ሳጥኑ ውስጥ ይገባና ከኋላ መቀመጫው ብቻ ይቀራል። ግማሹ ገበያተኛ የሚሰበሰበው መቀመጫውን ለማየት ነው። ወረቀቱን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ያጥባል። መጀመሪያ የሚወጣው ሰው ግን የተገለበጠ ነው፤ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር። እሱኑ ወረቀት እንደገና ያነሳዋል፤ ያኔ ሰው ይሆናል። አንድ የሲሬ ሽማግሌ ጥርሱ ከሰል፣ ፊቱ ኖራ ሆኖ ስላየ ሁለተኛውን ሳይጠብቅ ቤቱ ገብቶ ኑዛዜ ተናዟል። እስከ ዛሬ አልሞተም። ልጆቹ ርስቱን በመጠበቅ አረጁ።

ይሄ ሰውዬ ለተነሺ ሁሉ የሚያውሰው ጃንጥላ ነበረው። ጥቁር፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ጃንጥላ መያዝ ያኔ ትልቅ ሰው መሆን ነው። ስለዚህ እረኛውም፣ ጉልበት ሠራተኛውም፣ ቅቤ ሻጯም ያንኑ ጃንጥላ እየያዘ ይነሳል። የዚያን ጊዜ ፎቶዎችን ያየ ሰው ሲሬ ውስጥ ከባላባት በቀር የሚኖር አልነበረም ይላል።

እናቴም ጃንጥላውን ያዘች። እኔን ከጎኗ አቆመችኝ። አትንቀሳቀስ አለችኝ። ፎቶ አንሺውም አትተንፍሱ አለና የሳጥኑን ዓይን ከፈተ። አልተነፈስኩም። የተተከልኩ ምሰሶ ሆንኩ። ልክ በዚያች ሰዓት ጨው የጫነ አህያ መጥቶ እግሬ ላይ ቆመ። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ጨው የጫነ አህያ እግራችሁ ላይ ቆሞ ምሰሶ ትሆናላችሁ?

ፎቶው ወጣ። እናቴ ቁጭ ራሷን ሆናለች። እኔ የለሁም። እኔ በነበርኩበት ቦታ ጭጋግ ብቻ አለ። እናቴ ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ መልሳ ወረቀቱን አየችው። ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ ይሄን እወቁልኝ። ከዚያ ፎቶውን ለሰውዬው መለሰችለትና በኦሮምኛ እንዲህ አለችው፦

"ልጄን ጢስ አድርገህ ወደ ቤቴ አልወስደውም። ልጅ ስታደርገው እመጣለሁ።"

እጄን ይዛ ሄደች። ሰውዬው ወደ ሌላ ገበያ ዞረ፣ እኛም ወደ ነቀምት መጣን፣ እሷም ዳግመኛ ፎቶ ሳትነሳ ሞተች። ሌላ ፎቶ የላትም። መልኳን የማየው እህቴ አገጭ ላይ ነው። እህቴ ደግሞ ትቆጣለች፤ ምግብ ስበላ አፌን ምን ታየዋለህ ትለኛለች።

አሁን ወደ ንዴቱ ደረስን። በቀደም እዚሁ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ የፎቶግራፍ በዓል ይከበራል ተባለ። ያዘጋጀው ፈይሳ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ የተማረ፣ ሰው አክባሪ፣ ካሜራውን እንደ ሚስቱ ከጎኑ የማይለይ። ሻይና ዳቦ አለ ሲባል ሰማሁና ለታሪክ ካለኝ ፍቅር የተነሳ ገባሁ።

ፈይሳ ስለ ፎቶ አጀማመር አስረዳን። ድሮ ፈረንሳይ አገር አንድ ሰው ምስልን ብር በተቀባ መዳብ ላይ እንዲቀር አደረገ አለ። ያኔ ለመነሳት ብዙ መቆም ነበረበት፤ ሰው እንዳይነቃነቅ አንገቱን ከኋላ በብረት ይይዙት ነበር አለ። እኔም አጠገቤ ላለው ሰው፣ አንገትን ከኋላ መያዝማ እኛም እናውቅበታለን፣ ፎቶውን ብቻ ነው የማይሰጡን አልኩት። ሰውዬው ዳቦውን ይዞ ቦታ ቀየረ። ፈይሳ ቀጠለ። ያ ፈረንሳዊ አንድ ቀን በመስኮት መንገዱን አነሳው አለ። መንገዱ በሰውና በፈረስ የተሞላ ነው። ፎቶው ሲወጣ ግን ባዶ ሆነ፤ የሚራመደው ሁሉ ጠፍቷል። የቀረው ጥግ ላይ ቆሞ ጫማውን የሚያስጠርግ ሰው ነው። እና ፈይሳ ጣቱን ወደ ላይ አድርጎ፣ በታሪክ ውስጥ የሚቀረው ጸንቶ የቆመ ነው አለን። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ባላጨበጭብ ይሻለኝ ነበር።

ቀጥሎ የድሮ የወለጋ ፎቶዎች የተሰቀሉበትን ግድግዳ እንድናይ ተጋበዝን። ሻዬን ይዤ ዞር ዞር እላለሁ። የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አየሁ፣ ጃንጥላ ይዘዋል። ሙሽሮች አየሁ፣ ጃንጥላ ይዘዋል። ከዚያ እናቴን አየኋት።

ሻዩ ፈሰሰ። እውነቴን ነው፣ ይሄን አላጋነንኩም።

እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ሱቅ ውስጥ የሳሙና ካርቶን እያነበብኩ ነው። ከሥሯ የተጻፈውን ግን በደንብ አነበብኩት። "ቅቤ ሻጭ፣ ሲሬ። ስሟ ያልታወቀ። በግራ በኩል የሚታየው ጭጋግ የፎቶው ብልሽት ነው።" ይላል። እናቴ ያልታወቀች፣ እኔ ብልሽት። ሰው ለሻይና ዳቦ ገብቶ እንዲህ ይሰደባል?

ፈይሳን ጠራሁትና ይቺ እናቴ ናት አልኩት።

ፈገግ አለ። "ኦቦ ጉታ፣ ጉማሬውስ?" አለኝ።

ጉማሬውን ላስረዳችሁ። ዴዴሳ ወንዝ ሞልቶ ሳለ በጉማሬ ጀርባ ተቀምጬ ተሻገርኩት ብዬ ለዚህ ከተማ አውርቻለሁ። መጀመሪያ ያወራሁት ፈይሳ ልጅ ሳለ ነው፤ እየሳቀ ነው ያደገው። በሠርግም፣ በምርቃትም፣ ታክሲ ውስጥም እንዳስቃቸው ነው የሚፈልጉኝ። ጉማሬ እንጂ እናት ያለኝ አይመስላቸውም።

ጭጋጉም እኔ ነኝ አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ተናደድኩ። ጫማዬን አውልቄ አህያው የረገጠውን፣ እስከ ዛሬ የተጣመመውን ጣቴን አሳየሁ። የአዳራሹ ጥበቃ መጥቶ በአክብሮት ጫማዎን ያድርጉ፣ ሴቶቹ አፍንጫቸውን ይዘዋል አለኝ። ማስረጃዬን ያየልኝ የለም፤ ሁሉም አሸተተው እንጂ።

ፈይሳ ግን ክፉ አይደለም። ወደ ጥግ ወሰደኝና ፎቶዎቹን የዚያ የሲሬው ፎቶ አንሺ ልጅ ከአባቷ ሳጥን አውጥታ እንደሰጠችው ነገረኝ። ያን ዘመን የሚያውቅ አንድ ሰው ያምጡልኝ፣ ስሟን በትልቁ እጽፋለሁ፣ ፎቶውንም አጥቤ እሰጥዎታለሁ አለኝ።

ማንን ላምጣ? ጋሽ ሸምሱን። ጋሽ ሸምሱ የጉራጌ አገር ሰው ነው፤ የአባቱ ሱቅ ያኔ ሲሬ ገበያው ጫፍ ላይ ነበር። እናቴ ለእናቱ ቅቤ ታቀርብ ነበር። ዛሬ እዚሁ ነቀምት ሱቅ አለው። ታማኝ ነው፤ ሚዛኑ ላይ ጣቱን አስቀምጦ አያውቅም። ሄጄ እማማ ጫልቱን ታስታውሳታለህ አልኩት። እንዴት አላስታውስም፣ ቅቤዋ አፍንጫዬ ውስጥ ነው አለኝ። ከሱቁ አውጥቼ በክንዱ ይዤ ወሰድኩት።

መነጽሩን ጠረገ። ፎቶውን አየ። ጠጋ ብሎ አየ። ሰው ተሰበሰበ፤ ፈይሳም እስክሪብቶ አዘጋጀ። እኔ እንደዚያን ቀኑ አልተነፈስኩም፤ አህያም አካባቢው ላይ የለም። የጋሽ ሸምሱ ዓይን እንባ ሞላ። አወቃት ብዬ ልቤ ዘለለ።

"ይሄማ የአባቴ ጃንጥላ ነው" አለ።

አባቱ ለፎቶ አንሺው ያዋሰው ጃንጥላ ነው አሉ። እጀታውን ሰብሮ በሽቦ ያሰረው ራሱ ሸምሱ ነው፤ አባቱ የገረፈውም በዚሁ ጥፋቱ ነው። ስለ ግርፋቱ ሲያወራ ሴቶቹ አለቀሱ። ፈይሳ ይጽፋል፤ ሌላው በስልክ ይቀርጻል። እኔ በመሐል ገብቼ፣ ሴትዮዋስ አልኩ። ጋሽ ሸምሱ መልሶ አያት። ብዙ አያት።

"ጉታ ወንድሜ፣ ለአንተ ብዬ አልዋሽም" አለኝ። "ቅቤውን እንጂ ፊቷን አላየሁም ነበር።"

በማግስቱ ብመጣ ጽሑፉ ተቀይሯል። "የሲሬ ሱቅ ባለቤት የነበሩት የአቶ ሸምሱ አባት ጃንጥላ። እጀታው በልጅነታቸው በአቶ ሸምሱ በሽቦ የታሰረ። የያዘችው ሴት አልታወቀችም።" እንግዲህ ፍረዱ። ጃንጥላው አባት ተገኘለት። ሽቦው ታሪክ ተጻፈለት። የጋሽ ሸምሱ የልጅ ልጆች እየመጡ ከጃንጥላው ጋር ይነሳሉ፤ እናቴን በትከሻቸው እየከለሉ። እናቴ ለጃንጥላ መያዣ ሆነች።

ይሄኔ እምቢ አልኩ። ጽሑፍ ካልሆነላት እኔው ጽሑፍ እሆናለሁ አልኩ። ከማለዳ ጀምሮ ፎቶው አጠገብ ቆምኩ፤ ጭጋጉ ባለበት በኩል። በበዓሉ ቀናት ሁሉ ከዚያ ቦታ አልነቃነቅም። ለሚያልፈው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ "ጫልቱ ትባላለች። ቅቤ ትሸጥ ነበር። እናቴ ናት።" ጉማሬ አልጨመርኩም። ቀልድ አልጨመርኩም። ሰዉ ግን ሳቁን አዘጋጅቶ ይቆማል፣ ይጠብቃል። የሚያስቀው አልመጣ ሲለው፣ ኦቦ ጉታ ዛሬ አሟቸዋል ብሎ ያልፋል። ጸንቶ የቆመ ይቀራል አይደል የተባለው? ቆምኩ። እግሬ አበጠ። አንገቴን ከኋላ የሚይዝልኝ ብረት እንኳን አማረኝ።

በዓሉ ካለቀ በኋላ አዴ ብርቄ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። ዶሮዋ መስላኝ አላይም አልኳት። እኔ ነኝ። አንዱ ጎብኚ አንስቶኝ በስልክ ለአገሩ ሁሉ በትኖታል። ጥርት ብዬ ወጥቻለሁ፤ የግንባሬ መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። ፎቶው ላይ እንዲህ ተጽፎበታል፦ "ስማቸው ያልታወቀ አባት፣ በታዋቂው ጃንጥላ አጠገብ።"

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ደግሜ አየሁት። እኔ የቆምኩት ጭጋጉ ላይ ነው። ጭጋጉን ሙሉ በሙሉ ሸፍኜዋለሁ። እናቴ አለች፣ ከጎኗ እኔ አለሁ። ጢስ የለም። ልጅ ስታደርገው እመጣለሁ ብላ አልነበር?

አዴ ብርቄን ለመንኳት፤ ፎቶ ቤት ሄዳ አሳጠበችልኝ። አሁን እናቴ ቤቴ ግድግዳ ላይ ናት፤ እህቴም ምግቧን በሰላም ትበላለች። ጽሑፉን በመቀስ ቆርጬ ምድጃ ውስጥ ጣልኩት። ጃንጥላውንም ልቆርጠው መቀሱን አስጠግቼ ነበር፤ የእናቴ እጅ አብሮ ሊሄድ ሲል ተውኩት።