የኮልፌ ጭማሪ

በክርክር መሸነፍ ያሳፍራል ይባላል። ማሸነፍ ምን መዘዝ እንደሚያመጣ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ታላቅ እህቴን፣ እትዬ አልማዝን፣ ታውቋቸዋላችሁ? አታውቋቸውም፤ ታድላችሁ! የሚኖሩት ከተማው ማዶ፣ ለሰላም ስል ስሙን በማልጠራው ክፍለ ከተማ ነው። እኔ ደግሞ ከጦር ኃይሎች በታክሲ ተጋፍቼ ቤቴ የምገባ ኩሩ የኮልፌ ሰው ነኝ። ክረምት ላይ እትዬ መጡና ልጄን ማህሌትን «ወስጄ እዚያ ላስተምራት» አሉኝ። የእነሱ ሰፈር ልጆች ዘጠና ዘጠና ነው አሉ የሚያመጡት። ማህሌት በሩ ሥር ቆማ ዐይን ዐይኔን ታየኛለች። ለእኔና ለእናቷ ያለችን አንዲት ልጅ ናት፤ እሷ ከሄደች ቤቱ ምኑ ቤት ነው?

ታላቅ እህትን እምቢ ማለት ነውር ነው። በማስረጃ መርታት ግን አልተከለከለም። ለምዝገባ ስሄድ የሒሳብ አስተማሪዋን አማከርኩት፤ እሱም ክፍለ ከተሞች የሚነጻጸሩበትን ወረቀት አሳየኝ። የሚያወዳድረው ተማሪው ስንት አመጣ ብሎ ሳይሆን ከአምናው ስንት ጨመረ ብሎ ነው። የእነ እትዬ ልጆች ዘጠናቸው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል። የእኛዎቹ ከሥር ተነስተው ሽቅብ! «አንደኛ ነን ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «በውጤት ሳይሆን በጭማሪ» አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ጭማሪ» የምትለዋን ብቻ ነው የሰማሁት።

ወረቀቱን በስልኬ አንስቼ እሁድ እትዬ ቤት ከች አልኩ። ዳገት አናት ላይ የተወለደ ሰው ዳገት ወጣ ይባላል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን የሚነካካውን ልጃቸውን ናሆምን ዞረው አዩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ዘጠና ላይ ነው፣ አንዲት ነጥብ ፈቀቅ አላለም ብለው ተከዙ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አይደል? እኔ ሆዬ፣ ኮልፌ ቢሆን ኖሮማ አልኩላችሁ!

መስከረም ሲጠባ ማህሌት እዚሁ ቀረች፤ ተመስገን። ናሆምም ከነሻንጣው መጣ። ሳሎናችን መኝታው ሆነ፤ እኔም ዜና ማየት ተውኩ።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ፈተና ተፈተነና ሰባ አመጣ። እትዬ ደውለው ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ ብለው ጮኹብኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ አይዞዎት እትዬ፣ ገና አሁን መጨመሪያ ቦታ አገኘ አልኳቸው።