ልጓም ቀማሹ

ጫማ የሚገዛ ሰው እግሩን ከትቶ ይሞክራል። ኮፍያ የሚገዛ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ መስታወት ይለምናል። ሱሪ የሚገዛም ቢሆን ወገቡን ይለካል። እስቲ ንገሩኝ፣ ልጓም የሚገዛ ሰው ምን ያደርጋል? በጣቱ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ «ለስላሳ ነው» ይላል። በጣቱ! ፈረሱ እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ይመስል። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ማለት ይሄ ነው።

እኔ ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ጫማ እሰፋለሁ። ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በስደት መጥቼ እዚሁ ሸበትኩ። ያጠመቀኝ ቄስ ተነስቶ ቢመጣ በስሜ ጠይቆ አያገኘኝም፤ ሁሉም የሚጠራኝ ፉንዲ ብሎ ነው። በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። እዚህ አገር መዶሻ የያዘ ሁሉ ፉንዲ ነው፤ መዶሻው የውሰት ቢሆንም። የትምህርት ቤት ደጁን እንጂ ውስጡን አላየሁም። ግን የጫማ ሶል አሳዩኝ፣ ባለቤቱ ማንን እንደሚፈራ እነግራችኋለሁ።

አፌን ግን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው። ጫማ ሰፊ ክሩን የሚስበው በጥርሱ ነው። እኔም ስስብ ኖሬ የጎን ጥርሶቼ በግራም በቀኝም ረግፈዋል። ከፊት ጥቂት፣ ከኋላ መንጋጋ፣ መሃሉ ባዶ ሜዳ። ንፋስ ሲነሳ ያፏጫል። ሚስቴ የት እንዳለሁ የምታውቀው በፉጨቱ ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ። ኦዳ መንደር ውስጥ ኦቦ ጉዮ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ሰንብቷል፤ የሚሄዱት በዳማ ነው። ዳማ ፈረሳቸው ነው፤ መልኩም ስሙም ያው። በዳማ ላይ ሆነው ከብት ያያሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። ማስታረቅ ስላችሁ፣ ሁለቱ ባላንጣዎች የኦቦ ጉዮን ንግግር እስከ መጨረሻው ከመስማት መሳሳምን ይመርጣሉ ማለቴ ነው። ሰውዬው አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። አንድ ቀን የግመል ንግድ ታሪክ ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ሰፍቼ የሰጠሁት ጫማ፣ ታሪኩ ሳያልቅ አርጅቶ እንደገና ለጥገና መጣልኝ።

ይሄ ዳማ በቅርቡ አመፀ። ልጓም ሲያይ ራሱን ሽቅብ ያነሳል፣ ጥርሱን ይነክሳል፣ ዞሮ ቂጡን ይሰጣል። አፉም ግራና ቀኝ ቆስሏል። የኦቦ ጉዮ ልጅ ጃርሶ ደግሞ ሥራው ቦዳ ቦዳ መንዳት ነው። ሞተር ለሚነዳ ሰው ፈረስ ምንድነው? ሣር የሚበላ ኋላቀርነት። እኔ እያለሁልህ ምን ያደርግልሃል፣ ይሸጥ፣ አላቸው። የውሃ ጋሪ የሚያስጎትትበት ገዢም አግኝቶ ነበር። ኦቦ ጉዮ ደማቸው ፈላና በሽማግሌ ፊት ማሉ፦ «እስከ ገበያ ቀን ዳማ ልጓም ጎርሶ ካልተሸከመኝ ጋሪ ይጎትት! እኔም ከጃርሶ ኋላ እንደ ፍየል ታስሬ እሄዳለሁ!»

ለገበያው አምስት ቀን ቀርቶታል።

ከዚያማ መካሪ ምን ይጠፋል? ለሰው ጥርስ ሕመም አንድ ቀን አዝኖ የማያውቅ ሁሉ ለፈረስ ድድ ማልቀስ ጀመረ። አንዱ ብረቱ ወፍራም ይሁን አለ። ሌላው የለም፣ ቀጭን ነው የሚደላው አለ። ሁለቱም ልጓም ጎርሰው የሚያውቁ አይመስሉም። ከማዶ ወዲህ፣ ከወዲህ ማዶ ዕቃ የሚያመላልሰው ሐሰን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ልጓም ይዞ መጣ፤ ይሄ ለናይሮቢ እሽቅድምድም ፈረስ የተሠራ ነው፣ ፈረሱ ሲጎርሰው ይስቃል ብሎ ማለ። ሐሰን የማይምልለት ዕቃ የትኛው ነው? ለእኔ ምሎ የሸጠልኝ ጃንጥላ ዝናብ ያየ ዕለት ከእኔ ቀድሞ ረጥቧል።

በሦስተኛው ቀን ኦቦ ጉዮ እኔ ዘንድ መጡ። ባለቤታቸው አዴ ዲራሙ ዳማን እየሳቡ አብረው። የዳማን አፍ ጉዳይ የሰማ የሞያሌ ሥራ ፈትም ተከትሎ። ሦስት ልጓም መሬት ላይ ተደረደረ፦ የድሮው ብረት፣ የሐሰን አብረቅራቂ፣ እና እኔ በለስላሳ ቆዳ ጠቅልዬ የበግ ላት ያጠጣሁት።

«የቱ ነው ለስላሳው?» አሉ ኦቦ ጉዮ።

እኔም እንደ ባለሙያ ኮስተር ብዬ በጣቴ ዳሰስኩ። አዴ ዲራሙ ግን ዓይናቸውን ከአፌ አልነቀሉም። ድንገት «ይሄ ሰውዬ እኮ አፉ ቁርጥ ዳማ ነው» አሉ።

ኦቦ ጉዮ ቀረብ ብለው የዳማን ከንፈር ገለጡ። ቀጥለው የእኔን ገለጡ። ፈረስ ከፊት ጥርስ አለው፣ ከኋላ መንጋጋ አለው፣ መሃሉ ባዶ ድድ ነው፤ ልጓም የሚያርፈውም እዚያ ላይ ነው። ለካ እኔና ዳማ በአንድ ልክ ነው የተቆረጥነው።

«ዋቃ ነው ያመጣህ» አሉ፤ ዋቃ የሚሉት እግዜርን ነው። «በል ጉረስ!»

ምን ልበል? ቀልደኛ የሚል ስም የወጣለት ሰው በሰው ፊት እምቢ አይልም። መጀመሪያ የሐሰንን ጎረስኩ። ኦቦ ጉዮ ከኋላዬ ቆመው ዛቡን ጨበጡና «ሂድ!» አሉኝ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። «ቁም!» ብለው ሳቡ። ወገኖቼ፣ የሞተችው አክስቴ ፊቴ ድቅን አለች፤ «ምነው ልጄ፣ ጊዜህ ሳይደርስ?» አለችኝ። የድሮውን ብረት ጎረስኩ። ሳቡ። አክስቴ እንደገና መጣች፤ አሁን ከባሏ ጋር። ሦስተኛው የራሴ ሥራ ነው፤ እፎይ ብዬ ጎረስኩት። ላቱ ይጥማል፣ ምሳም ይሆናል። ኦቦ ጉዮ ሳቡ። ምን አለፋችሁ፣ ከሞተ ዘመዴ ያልመጣ የለም።

ፀሐዩ በረታና ኦቦ ጉዮ ዛቡን ለባለቤታቸው ሰጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አፋቸው ግን አልተቀመጠም። አዴ ዲራሙ ያንኑ የድሮ ብረት አጎርሰውኝ «ፖሌ ፖሌ»፣ ቀስ ቀስ፣ እያሉ ሳብ አደረጉ። ሳብ ብቻ። ምንም! ብረቱ ድዴ ላይ እንደ ከረሜላ ተኛ። ወደ ግራ ሲሉኝ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉኝ ወደ ቀኝ። ትንሽ ቢቆዩ ልጋልብላቸው ነበር።

አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኛ ነበረኝ። ጫማ በገዛ ቁጥር ይነክሰኛል እያለ ያመጣልኛል። አሰፋሁለት፣ አለሰለስኩለት፣ መዶሻ ለመዶሻ ደበደብኩለት። አንድ ቀን ካልሲውን ሲያወልቅ ጥፍሩን አየሁት። ያ ጥፍር ድንበር ላይ ቀረጥ ይከፈልበት ነበር። የተነከሰውስ ጫማው ነው!

የዳማም ነገር ያው ነው። ልጓሙ አይደለም፣ እጁ ነው። ኦቦ ጉዮ ጉልበታቸው ስለደከመ ኮርቻው ላይ የሚደገፉት በዛቡ ነው። ቆመውም እንኳ ሲደክማቸው እላዩ ላይ ይንጠለጠላሉ። ዳማ ጌታውን በጀርባው አይደለም የሚሸከመው፤ በድዱ ነው።

ይሄ የገባው ብቸኛ ሰው እኔ ነበርኩ፤ አፌ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ብረቱ ሲወጣስ? ዕድሜውን ሙሉ የጋለበን ሽማግሌ «ጥፋቱ የእርስዎ እጅ ነው» የሚል ማነው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? ያገሬው ሰው ኦቦ ጉዮን ፈርቶ ብረት ሲከስ ነው የሰነበተው። እኔም በፈሪነት ከማንም አላንስም። ዝም እንዳልል ግን ዳማ ከጎኔ ቆሟል። አፍ ለአፍ ተያየን። የውሃ ጋሪው ታየኝ።

«ኦቦ» አልኩ ብረቱ እንደወጣልኝ ምላሴን እያላመጥኩ፣ «እኔ ምን አውቃለሁ? የስደተኛ አፍ ነው። የእርስዎ የድድ ሜዳ ከእኔ ይሰፋል፣ ፈረሱም የእርስዎ ነው። እርስዎ ጎርሰው ይፍረዱ።»

ኦቦ ጉዮ ሊቆጡ አሰቡ። ዳማን አዩ። ሊያይ የመጣው ጃርሶ የተቀመጠበትን ሞተር አዩ፤ በተለይ የኋላውን መቀመጫ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ።

አልጨከንኩባቸውም፤ ለስላሳውን፣ በላት የራሰውን አጎረስኳቸው። ዛቡን ይዤ ጉልበቴ የከዳኝ መስዬ ልክ እንደ እሳቸው ተንጠለጠልኩበት።

ኦቦ ጉዮ ምንም አላሉም። ልብ በሉልኝ፤ ኦቦ ጉዮ ምንም አላሉም! ከኦዳ እስከ ሄሉ ጭር አለ። ዶሮዎች ጀንበር የጠለቀች መስሏቸው ወደ ቆጥ ወጡ። አዴ ዲራሙ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጥሩ ዘፈን እንደሚያዳምጥ ሰው። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ቆየሁ።

ልጓሙ ሲወጣ ኦቦ ጉዮ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ዳማን አዩት፣ አዩት። ጠጋ ብለው ቁስሉን በመዳፋቸው ዳበሱና በጆሮው የሆነ ነገር አሉት። አልሰማሁም፤ ብሰማም አልናገርም። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረው ጮክ ብለው ፈረዱ፦

«ይሄ ልጓም የማይረባ ነው! ፉንዲም ሥራ አይችልም!»

ሁለቱን ቀን አዴ ዲራሙ የዳማን ቁስል በጨው ውሃ እያጠቡ ቅቤ ቀቡት። በገበያ ቀን ኦቦ ጉዮ ዳማ ላይ ሆነው በከብቱ ተራ መሃል አለፉ። ዳማ የጎረሰው ያንኑ የድሮ ብረት ነው። ዛቡ ግን ልል ብሎ ሁለት ጣታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው እጃቸው ከኮርቻው ፊት ያለውን እንጨት ጨብጠዋል። ባለጋሪው ገዢ ባዶ እጁን ተመለሰ። ጃርሶ ከኋላ ሞተሩን በዝግታ እየነዳ የፈረስ አቧራ ጠጣ።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቃቸው ሁሉ፣ ለማይጠይቃቸውም፣ ዋናው ልጓም መምረጥ ነው፣ እኔ ልጓም አውቃለሁ ይላሉ። ሐሰንም ያገኘውን የዛገ ብረት ሁሉ «የኦቦ ጉዮ ለስላሳ» እያለ ይሸጣል። እኔ ሥራ የማይችለው ፉንዲ ሆኜ ቀረሁ። ለስላሳው ልጓሜ ሐሰን እኔው ዘንድ ከተወው አብረቅራቂ ጎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አይጥ ይልሰዋል።

ባለፈው ሳምንት አዴ ዲራሙ ብቻቸውን መጡ። ጫማ የሚያሰፉ መስሎኝ በርጩማ አቀረብኩ። ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እነዚያ ልጓሞች አሉ ወይ አሉኝ። ዳማ ዳግመኛ አመፀ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

«ዳማማ ደህና ነው» አሉ። «ያን ዕለት እዚህ ደጅህ ላይ የሆነውን ፀጥታ ግን ልረሳው አልቻልኩም። አርባ ዓመት ከጉዮ ጋር ስኖር እንደዚያ ያለ ሰምቼ አላውቅም።»

ገባኝ። ተነስቼ ወደ ግድግዳው ሄድኩና እጄን ወደ አብረቅራቂው ዘረጋሁ።

«ኧረ እሱን ተው!» አሉኝ ደንግጠው። «ለስላሳውን ስጠኝ፤ ምንም ቢሆን ባሌ አይደል?»