አማቴ ቤት የገባው ምስጥ

ቤት የሚያፈርሱ ነገሮች ብዙ ናቸው። እሳት አለ፣ ጎርፍ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ክፉ ጎረቤትም አለ። እነዚህ ሁሉ ግን ሲመጡ ይታወቃሉ። እሳት ይጨሳል፣ ጎርፍ ያጓራል፣ ክፉ ጎረቤትም ቢሆን መጀመሪያ አጥር ላይ ቆሞ ይሳደባል። ምስጥ እንደዚያ አይደለም። ምሰሶውን ከሆዱ ጀምሮ በልቶ ሲጨርስ ላዩን አይነካውም፤ ደኅና መስሎ የሚታይ ቅርፊት ለባለቤቱ ይተውለታል። እናንተም በዚያ ቅርፊት ላይ ልብስ ሰቅላችሁ፣ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እንግዳ ተቀብላችሁ፣ "ቤቴ፣ ቤቴ" እያላችሁ ትኖራላችሁ።

ይህን የምላችሁ ሰምቼ አይደለም። አናጢ ነኝ። ነበርኩ ብል ይሻላል፤ አሁንማ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ መጋዙም አይታዘዘኝም። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በነበሩት ዓመታት ግን ዳንግላ ውስጥ በርና መስኮት የሚገጥም ሰው ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነበርኩ፤ ከቆሰበር ድረስ የሚልኩብኝም ነበሩ። እንጨት ሲታመም አውቃለሁ። ማወቅና መናገር ግን ለየብቻ ናቸው፤ ወጉም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ነጋዴ ጎረቤት ነበሩኝ። አንድ ቀን የመጋዘናቸውን በር ላስተካክል ገብቼ፣ ከመሬት ተነሥቶ ግድግዳውን ይዞ እስከ ጣሪያው የወጣ የአፈር መስመር አየሁ። ስፋቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። በጥፍሬ ጫር ባደርገው ውስጡ ክፍት ነው፤ ነጫጭ ምስጦች ይተራመሱበታል። ምስጥ ብርሃን አይወድም፤ የሚመላለሰው ራሱ በሠራው በዚህ የአፈር ዋሻ ውስጥ ነው። "ሐጂ፣ ቤትዎ እየተበላ ነው" አልኳቸው። አልተቆጡም፣ አልተከዙም። ታዲያ ምን ትጠብቃለህ፣ ሥራህን ጀምር አሉኝ። በሳምንቱ የተበላውን እንጨት ነቅለን፣ የአዲሱን እግር በተቃጠለ የመኪና ዘይት ነክረን፣ ከአፈር ላይ ሳይሆን ከድንጋይ ላይ አቆምነው። አለቀ። ለባዕድ ሰው እውነት መናገር እንዲህ ቀላል ነው።

የከበደኝ ለአማቴ መናገር ነው።

አማቴ ባላምባራስ ይሁኔ ቤታቸው ከዳንግላ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ርቆ፣ ከአንድ ተረተር ወገብ ላይ ተቀምጦ ነበር። በጎልማሳነታቸው፣ እሜቴ የሻረግን ሲያገቡ የሠሩት ሰፊ ሣር ቤት ነው። ምሰሶውን ራሳቸው ከጫካ ቆርጠው፣ በሬ ጠምደው ጎትተው አምጥተውታል። እሜቴ የሻረግ እዚያ ቤት ውስጥ ሰባት ልጆች ወልደው አራቱን ቀብረዋል። የተረፉት የእኔዋ ማንጠግቦሽና ሁለት ወንድሞቿ ናቸው።

አማች መሆን ያኔ ምን ማለት እንደነበረ የዛሬዎቹ አታውቁትም። አማቱ ቤት የገባ ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ሲጠየቅ በአጭሩ ይመልሳል፣ የቀረበለትን ሳያገባድድ "ጠገብኩ" ይላል። በተለይ ደግሞ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ነውር ነው። አማቱ ቤት ምሰሶና ማገር የሚቆጥር ሰው፣ ሽማግሌው ሲሞቱ የሚደርሰውን እያሰላ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ አናጢ ነኝ። ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት አይችልም።

አንድ ዓመት ለግንቦት ልደታ ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ከሰዓት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ዶፍ ወረደ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ከማለቷ፣ ከምሰሶው ሥር ክንፍ ያላቸው ምስጦች እንደ ጭስ እየተግተለተሉ ይወጡ ጀመር። ዶሮዎቹ ከውጭ ተንጋግተው ገብተው ይለቅሟቸዋል። ክንፋም ምስጥ ሜዳ ላይ ሲወጣ የዝናብ መጀመሪያ ደስታ ነው፤ ከቤት ውስጥ፣ ከምሰሶ ሥር ሲወጣ ግን አገሩን እዚያው አድርጓል ማለት ነው። ባላምባራስ ስለ እርሻ ማውራታቸውን ቀጠሉ። እሜቴ የሻረግ መጥረጊያ አንሥተው የረገፈውን ክንፍ ጠርገው አወጡ። እኔ ጉልበቴን እያየሁ ተቀመጥኩ።

ሌላም ምልክት ነበር። በሩ ሲከፈት መሬቱን ይፍቃል፤ መቃኑ ሰምጧል ማለት ነው። ለሽንት ወጣ ብዬ በጓሮ በኩል ዞርኩ። ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ዋና ጠላቱ ጀርባው ነው። በየክረምቱ ከተረተሩ የሚንሸራተተው አፈር ከኋላ ግድግዳው ላይ እየተቆለለ፣ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እስከ ሰው ወገብ ቀብሮታል። ግድግዳው እርጥብ ነው፤ ጭቃው ጭድ አለበት፤ ጭድም የምስጥ ቀለብ ነው። ያ እንዳይበቃ የማገዶው ክምር እዚያው ተደግፏል። ስመለስ ሰዎቹ ውጭ ቆመው ያወሩ ስለነበር ብቻዬን ገባሁና ምሰሶውን በጣቴ አንጓ ቆርቆር አደረግሁት። እንደ ባዶ ገንቦ ጮኸ።

መንገድ ላይ ለማንጠግቦሽ ነገርኳት። ለምን እዚያው አልነገርካቸውም አለችኝ። አንቺ ንገሪያቸው አልኳት። "እኔ ልጃቸው፣ ቤትዎ ሊወድቅ ነው ልበላቸው? ሟርተኛ ሊሉኝ?" አለች። እንዲህ እየተገፋፋን ዳንግላ ደረስን።

በመጨረሻ ሽማግሌ መላክ ይሻላል ተባባልን። የመረጥነው አቶ አላምረውን ነው፤ የሁለታችንም ወዳጅ፣ አንደበተ ርቱዕ፣ ሰው የማያስቀይም። ጥፋታችን ይኸው ነበር። አቶ አላምረው ሰው ላለማስቀየም ሲል ወሬውን ከሩቅ ማምጣት ይወዳል። ሄዶ ከባላምባራስ ፊት ተቀመጠና ዓለም ኃላፊ እንደሆነች፣ ቤትም ንብረትም ዘላለም እንደማይቆም፣ አስተዋይ ሰው በሕይወት ሳለ ቤቱን እንደሚያሰናዳ ረጋ ብሎ አስረዳ። "ምስጥ" የሚለውን ቃል ለመጨረሻ አስቀምጦት ነበር። እዚያ ሳይደርስ ባላምባራስ ማን እንደላከው ጠየቁት። አማችዎ ነው አለ።

"ገባኝ" አሉት። "ርስቴን ሊካፈል ነው። እስክሞት ደጄን እንዳይረግጥ ንገረው፤ ስሞት መምጣቱ አይቀርም።"

አቶ አላምረው ላቡን እየጠረገ መጥቶ ይህንን ነገረኝ። ማንጠግቦሽ አለቀሰች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በሐዘኔ መሐል ትንሽ ቀለል አለኝ። የተጣላ ሰው የመናገር ግዴታ የለበትም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ሰኔን ሙሉ የሰው መስኮት እየገጠምኩ፣ ስለዚያ ምሰሶ ላለማሰብ ስል ሥራዬን ከወትሮው አበዛሁ።

በሐምሌ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ የአማቴ ጎረቤት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ የሥራ ቤቴ በር ላይ ቆመ። ቤቱ ወደቀ አለኝ። ሰውስ አልኩት። ባላምባራስ ልቅሶ ሄደው ነበር፤ እሜቴ ውስጥ ነበሩ፣ በሕይወት አውጥተናቸዋል አለ። መጋዜን የት እንደጣልኩት አላስታውስም።

ከማንጠግቦሽ ጋር ስንደርስ ጣሪያው መሬት ላይ ተንበርክኳል። ከኋላ የተቆለለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ግድግዳውን ወደ ውስጥ ገፍቶታል፤ ምሰሶው ደግሞ የሚመክትበት ጉልበት ስላልነበረው ከቁርጭምጭሚቱ ተቀንጥሷል። እሜቴ የሻረግን ትንፋሻቸውን ያተረፈላቸው ሣሩ ነው፤ ዳሌያቸውን ግን የጣሪያው ወራጅ ሰብሮታል። ጎረቤት ቤት አስተኝተዋቸዋል። ወጌሻ ከጥርባ ተጠርቶ መጣና ሲያሽ ዋለ። ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አማርኛ የሚያወሩት ሴትዮ ያን ቀን የሚያቃስቱት በልጅነት ቋንቋቸው በአዊኛ ብቻ ነበር። ወጌሻው ሲወጣ ለማንጠግቦሽ ሹክ አላት፤ ከእንግዲህ በእግራቸው አይቆሙም።

ባላምባራስን ፍለጋ ወጣሁ። ካፊያ እየወረደባቸው ከፍርስራሹ መሐል፣ ከተቀነጠሰው ምሰሶ አጠገብ ተቀምጠዋል። የምሰሶው ውስጥ እንጨት የለበትም፤ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ አፈር ነው። በጣታቸው እየነካኩት ነበር። ደጄን እንዳይረግጥ የተባልኩት ትዝ አለኝና ራቅ ብዬ ቆምኩ። ደጅ የሚባል ነገር ግን አልነበረም።

"መቼ አወቅህ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ።

"በግንቦት፣ የልደታ ለት።"

"እኔ አምና ነው ያወቅሁት" አሉ።

በየጧቱ ሰው ሳይመጣ ግድግዳው ላይ የወጣውን የአፈር መስመር ይፍቁና ቦታውን በእበት ይለስኑት እንደነበር ነገሩኝ። አመድ ነስንሰዋል። የፈላ ውኃ ከምሰሶው ሥር አፍስሰዋል። ለጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ከዚያ በሌላ በኩል ይመጣል። እኔን ለምን እንዳልጠሩኝ ጠየቅኋቸው። በሕይወቴ አማቴን ጥያቄ ስጠይቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ና ቤቴን ጠግንልኝ ልበልህ? ልጁን የሰጠው ለአናጢ ጉልበት ነው እንዲሉኝ?" አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "አላምረው የመጣው ስለ ቤቱ መሆኑን ጠርጥሬ ነበር። ስለ ርስት ነው ብዬ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አማችና አማት ትከሻ ለትከሻ ሆነን ዝናብ ደበደበን።

ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ሥራ ጀመርን። አሁን የምነግራችሁን ተረተር ላይ አሮጌ ቤት ያላችሁ ስሙኝ። መጀመሪያ ከቤቱ ጀርባ ያለውን አፈር ዝቀን አራቅነውና፣ ከተረተሩ የሚወርደውን ውኃ በጎን የሚያሳልፍ ቦይ ቆፈርን። ከዚያ ኩይሳውን ፈለግን፤ ከቤቱ ሃያ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቋል። እናቲቱ እስካልተገኘች ድረስ ምስጥ አያልቅምና ቀኑን ሙሉ ቆፈርን። የሰው አውራ ጣት የምታህል፣ ነጭ፣ መንቀሳቀስ የማትችል ነገር ሆና ከጭቃ ክፍሏ ወጣች። ባላምባራስ መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው አዩዋትና፣ "ይህችው ናት?" አሉ። ከዚያ እሳቱ ውስጥ ጣሏት። ጠላትን እንዳገኘ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድካም ብቻ ነው።

ምሰሶውን ከወይራ አደረግነው። ባሕር ዛፍ በቶሎ ይገኛል የሚሉ ነበሩ፤ ለምስጥ ግን ዳቦ ነው። እግሩን በእሳት ለብልበን፣ ሐጂ ሰይድ በሰጡኝ የተቃጠለ ዘይት ነክረን ከድንጋይ መሠረት ላይ አቆምነው። ማገዶው ከግድግዳው እንዲርቅ ተደረገ። ከመሬትና ከግድግዳው ጭቃ መካከል አንድ ክንድ ያህል ድንጋዩ ገላጣ ሆኖ ቀረ፤ ምስጥ ቢመጣ መንገዱ ላይ እንዲታይ ነው። በጠቅላላው የወር ሥራ ነበር። አማቴ ምስጡን ባወቁ ጊዜ ቢሆን ኖሮ የሳምንት ሥራ ነበር።

በኅዳር እሜቴ የሻረግን በቃሬዛ አምጥተን አስገባናቸው። አልጋቸው ላይ ጋደም ብለው አዲሱን ግድግዳ ሲያዩ ቆዩና፣ ለማንም ሳይሆን እንደ ዋዛ ተናገሩ፤

"እኔ ድምፃቸውን እሰማ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከራስጌዬ ቅጭ ቅጭ ይላሉ።"

ባላምባራስ ደነገጡ። "ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ጧት ጧት ሲለስኑ አይ አልነበር?" አሉ እሜቴ። "እኔ እንዳልፈራ ብለው የደበቁኝ መሰለኝ። ልፋትዎን ከንቱ ላድርገው?"

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁላችንም እናውቅ የነበርን ሰዎች፣ ከመካከላችን እግራቸውን ያጡትን እሜቴን ከብበን ቆምን።

እሜቴ የሻረግ ሁለት ዓመት እዚያው አልጋ ላይ ኖረው አረፉ። ባላምባራስም ብዙ አልቆዩም። አንዱ የማንጠግቦሽ ወንድም ጫግኒ ወርዶ እህል ይነግዳል፣ ሌላው ቆሰበር ቤት ሠርቷል። እኛም ከዳንግላ አልወጣንም።

ባለፈው ጥር ሰው በሌለበት በአማቴ ቤት በኩል ሳልፍ ከጎረቤት ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ። ጥግ ጥጉን አየሁ፤ አንድም የአፈር መስመር የለም። በሩ ሲከፈት መሬት አይነካም፤ ቦዩም አልተደፈነም። ዕድሜ ልኬን ብዙ ቤት አይቻለሁ፣ እንደዚያ ጤነኛ የሆነ ግን አላየሁም። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፍቼ ዞር ብል የምነግረው ሰው የለም። በሩን ቆልፌ ቁልፉን መለስኩ።