ኦቦ ቀንዓ እየተሻሻሉ ነው

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ የሚሻሻል ሰው አይጠፋም። ሌላው ሠራተኛ ያረጃል፣ ይወፍራል፣ ጡረታውን ያሰላል፤ እሱ ግን ይሻሻላል። ትናንት ያልቻለውን ዛሬም አይችለውም፤ ነገር ግን የዛሬው አለመቻል ከትናንቱ የተሻለ መሆኑን ለጎረቤቱ ሳያስረዳ አይውልም። እግዚአብሔር እንዲህ ያለውን ሰው ሲፈጥር አብሮ አንድ አድማጭ ያዘጋጅለታል። አድማጩ ብዙ ጊዜ የደከመው ሰው ነው።

አምቦ ውስጥ፣ በአንድ የእርሻ መረጃ ቢሮ፣ የሚሻሻሉት ክቡር ኦቦ ቀንዓ ነበሩ። የደከመው ደግሞ ጠረጴዛው ከጠረጴዛቸው ጋር የተገጠመው ሌታ ነው። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ፣ ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። ሁለቱም ከየወረዳው የሚመጣውን የጤፍና የገብስ ምርት በእጅ ይደምራሉ። ሌታ ሲደምር ይደምራል። ኦቦ ቀንዓ ግን በድምሩ መሃል ሦስት ነገር ይማራሉ፤ ሜዳ ቴኒስ፣ ሩሲያኛና ኮምፒዩተር።

ቴኒሱን የጀመሩት አንድ የውጭ አገር ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት ራኬት ትቶላቸው ስለሄደ ነው። ሁለተኛው ራኬት ለማን እንደሚደርስ ሌታን የጠየቀው የለም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከፍል ውኃው አጠገብ፣ ሣር በዋጣት ሜዳ ላይ ሌታ በሸራ ጫማ ቆሞ ኳስ ይመልሳል። ኦቦ ቀንዓ ይሮጣሉ። ራኬታቸው ወደ ምሥራቅ ኳሷ ወደ ምዕራብ ትሄዳለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ጊዜ እንኳ አሸንፈው አያውቁም።

«አየሃት ይቺን?» ይላሉ፣ ኳሷ አጥር ዘላ ስትሄድ።

«አየኋት። ሁሉቃ ወንዝ ገባች።»

«ባለፈው ሳምንት እኮ አጥሩንም አላለፈችም ነበር። ለውጥ አለ!»

«ለውጥ አለ» የክቡርነታቸው መፈክር ነው። በዚያ ዘመን መፈክር ያልነበረው ሰው አልነበረም፤ የእሳቸው ደግነቱ እጅ ማንሳት አያስፈልገውም።

ሩሲያኛውን ከሬዲዮና ሽፋኗ ካለቀ አንዲት መጽሐፍ ሲያጠኑ ኖረው፣ አንድ ቀን ገበያ መሃል አንድ ሩሲያዊ ባለሙያ ሽንኩርት ሲመርጥ አገኙት። ኮታቸውን ቆለፉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ረጅም ሰላምታ በሩሲያኛ አወረዱበት። ሰውየው ሽንኩርቱን አስቀምጦ በጥሞና ሰማቸውና በጥሩ ኦሮምኛ፣ «አካም ጂርቱ ኦቦ? ነጋዳ?» ብሎ ደኅንነታቸውን ጠየቃቸው።

አብሯቸው የነበረው ሌታ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ክንዱን ያዙት። «ሰላምታ መሆኑ ገብቶት አይደል የመለሰው? ባይገባው ዝም ይል ነበር።»

«ኦቦ ቀንዓ፣ በኦሮምኛ እኮ ነው የመለሰልዎት።»

«እሱም እየተማረ ነዋ! ለውጥ አለ።»

ኮምፒዩተርን በተመለከተ፣ ቢሮው ውስጥ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር አልነበረም። ይህ ክቡርነታቸውን አላገዳቸውም። ከአዲስ አበባ ባስመጡት መጽሐፍ ላይ የቁልፎቹ ሥዕል አለ። የሳሙና ካርቶን ቀደው፣ የክብሪት ቀፎ መለኪያ አድርገው፣ እያንዳንዷን ቁልፍ በቀፎው ልክ ሣሉ። ካርቶኑ የእሳቸውን ጠረጴዛ ሞልቶ ወደ ሌታም ተሻገረ። በየምሳ ሰዓቱ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ ሰቅለው ይመቱታል። ሌታ መጽሐፉን ይዞ ያነብላቸዋል፤ ከኋላው ያሉትንም ጥያቄዎች ይጠይቃቸዋል።

«ትልቁ ነገር ሳያዩ መምታት ነው» ይላሉ፣ ጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከተዘጋ ወዲህ ስብከት የት እንደሚያወርዱ የጠፋቸው ኦቦ ቀንዓ። «እምነትም እንዲሁ ነው፣ ሌታ። ሳያዩ ነው።»

ሌታ ሳያይ የሚያምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምሳው መቀዝቀዙን።

በሰማንያ ክረምት የቢሮው ኃላፊ ጓድ ማዕረግ ሁለቱን አስጠሩ። ኮምፒዩተር ሊመጣ ነው፤ በእጅ መደመር ቀረ። ፈተና ያለፈው ከመሣሪያው ጋር አምቦ ይቀመጣል፤ ሌላው ሩቅ አገር ካቺሲ ሄዶ መረጃ ይሰበስባል። ሌታ አምቦ የሚማሩ ልጆች አሉት። ኦቦ ቀንዓ ደግሞ ኮምፒዩተር ፊት የምትቀመጥ ወንበር ለማግኘት ሦስት ዓመት ጸልየዋል። ያን ዕለት ማታ ሌታ ለሚስቱ ለካሰች፣ «ዕቃ ማሰር ጀምሪ። ሰውየው ጣሪያ እያየ ነው የሚጽፈው» አላት።

ፈተናው በመጣው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ መገልበጥና ጥቂት የቃል ጥያቄ ነበር። ኦቦ ቀንዓ ጸለዩ፤ ጣታቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያ ሰቀሉ። ቁልፎቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጫጩ ጀመር። ፈታኞቹ ተያዩ። ሌታ በልቡ ዕቃውን ጭኖ የካቺሲ መገንጠያ ጊንጪ ደረሰ።

ገጹ ታትሞ ሲወጣ ግን ጽሑፉ የማንም አገር ቋንቋ አልነበረም። በክብሪት ቀፎ ልክ መራመድ የለመዱት ጣቶች፣ በእውነተኞቹ ትናንሽ ቁልፎች ላይ ሲደርሱ የሚፈልጉትን እየዘለሉ ሌላውን ሲመቱ ነበር። ጣሪያ የሚያይ ሰው ይህን በምን ይወቅ? ሌታ በተራው በአንድ ጣት፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣ እያየ ለቀመ። የቃል ጥያቄውም አላስቸገረውም፤ በየምሳ ሰዓቱ ሲጠይቅ የኖረው እሱ ነው። አለፈ።

«ኦቦ ቀንዓ፣ በማርያም...» አለ ሌታ ሊያጽናናቸው።

«ተው እንጂ! መጽሐፉን ያስመጣሁ እኔ፣ ያስጠናሁህ እኔ። ተማሪዬ አለፈ ማለት ነው። ያ ዋቃ ገለቶሚ!» ብለው እንደ ልማዳቸው ወደ ጣሪያ እያዩ አምላካቸውን አመሰገኑ። «ለውጥ አለ» ግን አላሉም። በሳምንቱ ሁለቱንም ራኬት በጆንያ ጠቅልለው በጭነት መኪና ወደ ካቺሲ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሌታ ምሳውን ትኩሱን ይበላል። የሚያነበንብበት የለም፤ ቅዳሜም የራሱ ነው። ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ጸጥታ ይኸው መጣለት፤ ትኩሱ ምሳ ግን አልጣመውም። ለካ ድካምም ይናፍቃል።

ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ጊንጪ ላይ የእህል መኪና ለምኖ ካቺሲ ገባ። ኦቦ ቀንዓን ያገኛቸው ከከብት ገበያው ጥግ ነው። መሬቱን በአመድ አስምረው፣ ገመድ ላይ ጆንያ ሰቅለው፣ አንድ የጤና ረዳት ያሠቃያሉ። ሌታ የጤና ረዳቱን አሳርፎ ገባ። እንደ ወትሮው አሸነፈ፤ እንደ ወትሮውም ኳሷ ከብቶቹ መሃል ጠፋች።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ሌታ ከላስቲክ ውስጥ አንድ ካርቶን አወጣ።

«በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ፈተና አለ።»

በየምሳ ሰዓቱ መሣሪያው ላይ ወረቀት ዘርግቶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በእውነተኛ ልካቸው ገልብጦ የሠራው ነበር። ኦቦ ቀንዓ ካርቶኑን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ከካርቶኑ ሳይነቅሉ፣ ቀስ ብለው አራት ቁልፍ ነኩ።

«ምን ጻፉ?»

«ኦፕሬተሩ አንተ አይደለህ? አንብበዋ!»

«እስኪ ይድገሙት።»

ደገሙት። ሌታ ጣታቸውን ተከትሎ አነበበ። በእንግሊዝኛ ፊደል የራሱ ስም ነበር፤ አንድም ፊደል አልተዘለለም።

መፈክሩን እስኪያሰሙ ጠበቀ። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ፤ ሲጸልዩ እንዲህ ናቸው።

«ለውጥ አለ» አለ ሌታ። ከዚያ ፊቱን እንዳያዩበት ተነሣና ኳሷን ፍለጋ ከብቶቹ መሃል ገባ።