አረንጓዴው መስታወት

ለችግር ሁሉ አንድ መፍትሔ በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ለላብራቶሪው የደረሱት ጋሼ አረንጓዴ ናቸው።

ከጠርሙስ ክዳን ብዙም የማይበልጡ ሁለት ክብ መስታወቶች፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ በመሐረብ ተጠቅልለው ከደረት ኪሳቸው አይጠፉም። አረንጓዴው የማይክሮስኮፑ መብራት ላይ ሲቀመጥ፣ በቀይ ቀለም የተነከረው የቲቢ ባክቴሪያ ጠቁሮ ጉልህ ብሎ ይወጣል። ቀዩ ለሰማያዊ ቀለም ነው፤ ቀይ በቀይ ላይ ከተደረገ ባክቴሪያው ከዓይን ይጠፋል። አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው የሠራችው ባለሙያ ይህን በእንቅልፍ ልቧም ታውቀዋለች። ዓይኔ ደከመኝ ስትል፣ «እስቲ አረንጓዴውን ሞክሪው ልጄ» ነው። ማይክሮስኮፑ ሲበላሽም «አረንጓዴውን ሞክረሻል?» ነው። ስለ እጮኛዋ ስታማክራቸው እንኳ፣ «እሱንም በአረንጓዴ ብታዪው ይጠራልሽ ነበር» ብለዋታል። አላየችውም፤ ኋላ ተጸጽታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ሦስት ወር ሲያስል የከረመ ሾፌር አክታ መርምረው «ምንም የለበትም» ብለው ጻፉ። ነገሩ አልዋጥላት አለና አክታው የተቀባበትን ስላይድ ደግማ ልታይ ጎንበስ ስትል ሁሉ ነገር ቀይ ሆኖ ጠበቃት። መስታወቱን አነሣችው። ባክቴሪያው ሞልቷል።

«ጋሼ፣ የትኛውን ነበር ያስቀመጡት?»

«የትኛውን ይሆናል? አረንጓዴውን ነዋ።»

መስታወቱን በመዳፏ ዘረጋችላቸው። ወደ መስኮቱ አንሥተው አዩት፤ አገላብጠው አዩት።

«ቀይ ነው እንዴ?»

«ቀይ ነው ጋሼ።»

«ሾፌሩ ሄደ?»

«ኮሪደር ላይ አስቀምጬዋለሁ።»

ሠላሳ አራት ዓመት ከተቀመጡበት ወንበር ተነሡና ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «ሰሞኑን ያየኋቸውን ስላይዶች በሙሉ አውጪና እንደገና እዪ። ስንቱን ሰው እንዲሁ እንደሸኘሁት እንጃ። ለኃላፊው እኔው እነግረዋለሁ» አሉ።

ተቀምጣ የመጀመሪያውን ስላይድ አስገባች፤ ማስተካከያውን ወደዚህም ወደዚያም አዞረችው።

«ምነው?»

«አልታይ አለኝ።»

እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ። መሐረቡን ፈቱት። የቀረው አንድ መስታወት ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ መሆኑን ያወቁትም በቀለሙ ሳይሆን ብቻውን በመቅረቱ ነው። ራሳቸው መብራቱ ላይ አስቀመጡላት።

«አሁን ጠራልሽ?»

«ጠራልኝ ጋሼ» አለች፣ እንባዋ እንዳይታይባቸው ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል።