የትሮይቪሉ ጊዘር እርቅ

ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ። ሸፊቃ ሐሙስ ዕለት ሕፃን ልጇን ስታጥብ ራሷን ስታ ወድቃለች።

ቦታ፦ ትሮይቪል ሰፈር፣ በስደት የምንኖርበት የጋራ ቤታችን ወጥ ቤት።

የተገኙ፦ አቶ ዓብዩ፣ ሰብሳቢ፣ ቤቱን በስማቸው ተከራይተው ለሌሎቻችን በክፍል የሚያከራዩ፤ ሀጂ ሸረፈዲን፣ የሽማግሌዎች ተወካይ፣ ጀፕስታውን ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስ በጅምላ የሚሸጡ፤ ዱካሞ፣ የቴክኒክ ጉዳይ ኃላፊ፣ በሙያው ስልክ ጠጋኝ፤ ሸፊቃ፣ አራስ፣ ጉዳዩ የራሷ ስለሆነ ያለ ድምፅ፤ ኤርጎጌ፣ ጸሐፊ።

ያልተገኘ፦ የሸፊቃ ባለቤት ጁነይድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ቮስሎሩስ ያለውን ሱቁን ጥሎ መምጣት ስላልቻለ።

ሀጂ ስልክ እያወሩ ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው በአካላቸው ብቻ ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የጊዘሩ ሁኔታ

ዱካሞ ሪፖርት አቀረበ። መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ውሃ የሚያሞቀው የጋዝ ጊዘር እንደ ወትሮው ሰማያዊ ሳይሆን ቢጫ እሳት እንደሚያነድ፣ ጥቂት ቆይቶም እንደሚጠፋ፣ በጥፊ ሲመታ ግን እንደሚነሳ ገለጸ። ጸሐፊዋ ምክንያቱን ጠየቀች። በጥፊ የሚነሳ ነገር ምክንያት እንደማያስፈልገው ተመልሶላታል።

ሸፊቃ፣ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ራሷን እንደሚፈልጣት፣ ግቢ ስትወጣ እንደሚተዋት ተናገረች። ዱካሞ፣ “እህቴ፣ አራስ ነሽ፤ ምች ነው” አለ። ሸፊቃም ምች ፀሐይ ላይ ይመታል እንጂ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሰው አይጠብቅም አለችው።

ሰብሳቢው የጊዘሩ ምርመራ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ በቅድሚያ ሴትየዋ ብትመረመርስ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ዱካሞ ደገፋቸው። ሸፊቃ የወደቀች ዕለት ሕፃኑንም እንዳስመለሰው ስትናገር ድጋፉን አነሳ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ምክንያቱ በትክክል እስኪታወቅ ጋዙ ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ግቢ ውስጥ ያለው የጋዝ ሲሊንደር ሣጥን ቁልፍም በሰብሳቢው እጅ እንዲሆን ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ምክንያቱን ስለማወቅ

ሁለት ባለሙያዎች ተጠርተው ገቡ። ፍሪጅ የሚጠግነውና የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያ ሬጉሌተር የሚሸጠው ታምሩ፣ ጥፋቱ የሬጉሌተር ነው አለ። በትንሿ የጭነት መኪናው፣ በባኪው ላይ ቱቦ ጭኖ የመጣው ዚምባብዌያዊው የቧንቧ ሠራተኛ ሞዮ፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ነው አለ። ጸሐፊዋ ጊዘሩን ከፍተው አይተው እንደሆነ ጠየቀች። ታምሩ ድምፁን በስልክ እንደሰማ፣ ሞዮ ደግሞ ጣሪያውን ከመንገድ እንዳየ አስረዱ።

ሰብሳቢው ጉዳዩ በድምፅ ብልጫ እንዲታወቅ አደረጉ። ሬጉሌተር አንድ ድምፅ፣ ቱቦ አንድ ድምፅ አገኙ። ሀጂ ማንንም ላለማስከፋት ለሁለቱም እጃቸውን ስላወጡ ሁለት ለሁለት እኩል ሆነ። ጸሐፊዋ የጋዝ ብልሽት በእጅ ብልጫ አይገኝም በማለት ድምፅ አልሰጠችም። ሸፊቃ ድምፅ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ወገንተኛ ናት ተብሎ ታለፈ።

አጀንዳ 3፦ ሽምግልና

ሀጂ ስልካቸውን ዘግተው፣ ሁለት ሰው ሲለያይ እጅ መቁጠር ወጋችን አይደለም፣ የተለያየ ይታረቃል አሉ። ባለሙያዎቹ ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ተደረገ። ሞዮ ከማን ጋር እንደተጣላ በዱካሞ አስተርጓሚነት ጠየቀ። እንዲታገስ ተነገረው።

ሀጂ ታምሩን፣ “አንተ ልጅ፣ እንግዳ ፊት አታሳፍረን። ትንሽ ዝቅ በል” አሉት።

ታምሩ አንገቱን ደፋ። “ሀጂ፣ እርስዎ ካሉ ሬጉሌተሩን ትቻለሁ። ቱቦው ነው” አለ።

ይህ ለሞዮ ሲተረጎምለት ልቡ ተነካ። እርሱም አገሩ ሽማግሌ እንደሚከበር ገልጾ፣ ቱቦውን ትቶ ሬጉሌተሩ ነው አለ። ሁለቱ አንተ ትብስ፣ አንተ ትብስ ሲባባሉ ቆይተው ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ልዩነቱ እንደነበረ ያለ ሲሆን ባለቤቶቹ ብቻ ተለዋውጠዋል። ሀጂ መረቋቸው፤ ሻይ ጠጥተው ሄዱ።

ሀጂ፣ “ይኸው፣ ጊዘሩን የሚከስ ሰው ጠፋ” አሉ። ጭብጨባ ነበር።

ልዩ ልዩ

ጸሐፊዋ ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ስልክ ደውላ እንደጠራች፣ ሰውየው በክፍሉ አየር ውስጥ መርዛማ ጋዝ መኖሩን የሚለካ መሣሪያ እንዳለው፣ ዛሬ ከሰዓት እንደሚመጣም አሳወቀች።

ሰብሳቢው ማን እንደፈቀደላት ጠየቁ። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱ ለቤቱ ባለቤት ይደርሳል፣ ባለቤቱ ደግሞ እዚህ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንደሚኖር ያውቃል በማለት አስረዱ።

ሀጂ፣ “እኛስ አንድ ቤተሰብ አይደለንም?” ሲሉ ጠየቁ።

“ሀጂ፣ በልብ ነን። ውሉ ላይ ግን እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ነን” ሲሉ ሰብሳቢው መለሱ። አቶ ዓብዩ ሚስት የላቸውም።

ሸፊቃ፣ “ይሄ ውል የሚጠበቀው በልጄ ነፍስ ነው?” አለች። ሀጂ፣ “ልጄ፣ አላህ ይጠብቀዋል” አሏት። “አላህማ ይጠብቀዋል፤ እናንተ ምን ትሠራላችሁ?” አለች። ሰብሳቢው ይህ ንግግር ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አዘዙ። ጸሐፊዋ ትእዛዙንም መዝግባለች።

በዚህ መሐል በር ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ሁለቱም ባለሙያዎች መጀመሪያ ያሉትን ስለተዉ በጊዘሩ ላይ የቀረበ አቤቱታ እንደሌለ ታውቋል። ስለዚህ በአጀንዳ 1 ጋዙ ተዘግቶ እንዲቆይ የተወሰነው ተነስቷል። የአጀንዳ 2 ድምፅ አሰጣጥ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። የአጀንዳ 3 እርቅም መጀመሪያ የተጣላ ሰው ስላልነበረ ተሽሯል። ጸሐፊዋ ቁልፉን ተቀብላ፣ በር ላይ ያለውን ሰው አመስግና ሸኝታ፣ ስትመለስ ሲሊንደሩን እንድትከፍት ታዛለች። ሰብሳቢው ማታ ገላቸውን ይታጠባሉ።

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ጸሐፊዋ እየጻፈች ስለነበር እንደደገፈች ተቆጥራለች።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡40 ሰዓት ላይ ተበትኗል።

ይህን እኔ ጸሐፊዋ የምጽፈው ግቢው በር ላይ ቆሜ ነው። ሸፊቃ ልጁን አዝላ ከኋላዬ ናት፤ ወደ ሐኪም ቤት እንሄዳለን። የጋዝ ባለሙያው መሣሪያውን ከመኪናው እያወረደ ቤቱ ውስጥ እነማን እንዳሉ ጠየቀኝ። አባትየውና ሁለት ልጆቹ አሉ፣ ሚስትየዋ እየወጣች ነው አልኩት። ቁልፉን ሰጠሁት።