አባባ፣ ምርቃቱን ይድገሙልኝ!

ከፎቶ ጋዜጠኛ የበለጠ ድግስ የሚያይ፣ ከፎቶ ጋዜጠኛ ያነሰ ድግስ የሚበላ ፍጡር የለም። አትሳቁ! ስንት ሠርግ፣ ስንት ምረቃ፣ ስንት የመሠረት ድንጋይ ፎቶ አንስቼ፣ ትኩስ ነገር የምቀምሰው ቤቴ ስገባ ነው። እሱም ካስተረፉልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያስተርፉልኛል… አንዳንዴ።

የምኖረው ወልቂጤ ነው። አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ ያለውን ሁሉ ፎቶ አነሳለሁ። ወልቂጤ ላይ ሪባን ሲቆረጥ አለሁ። ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ሲወደድ እያስነጠስኩ አለሁ። እንጀራዬ ነው፤ አላማርርም። ሥራው ግን አንድ ክፉ አመል አስተምሮኛል፤ ያመለጠኝን ማስደገም። "ክቡርነትዎ፣ አንዴ ይድገሙልኝ!" እላለሁ። የተቆረጠውን ሪባን ሁለት ሰዎች በጣታቸው ገጥመው ይይዙላቸዋል፤ ክቡርነታቸውም እንደገና ይቆርጣሉ። ፈገግታቸው ከፊተኛው ያምራል። ጋዜጣ ላይ የምታዩት ፈገግታ፣ አብዛኛው ሁለተኛው ነው።

ዘንድሮ ለመስቀል ግን ቃል ገባሁ። የባለቤቴ አጎት አባባ ደግፌ ዘንድ፣ አገር ቤት ስንሄድ፣ ካሜራ አልነካም። እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ክትፎዬን በትኩሱ እበላለሁ።

"እማዬ፣ ዓምናም እንዲህ ብለሽ ነበር" አለች ልጄ ትርሲት።

"የዘንድሮው የእውነት ነው።"

"ዓምናም ‹የእውነት› ብለሽ ነበር።"

ይቺ ልጅ ዳኛ ካልሆነች ምን አለ በሉኝ።

በዋዜማው የጋዜጣው አዘጋጅ ደወለ። ይህ ሰው ሥራ ሲፈልግ "እናታችን" ይለኛል። ፈቃድ ስጠይቅ "ወይዘሮ" እባላለሁ።

"እናታችን፣ የመስቀል ፎቶ!"

"ዕረፍት ላይ ነኝ እኮ።"

"አንድ ብቻ! ግን ፈጠራ ያለበት። ዓምናን የማይመስል።"

መስቀል ዓምናን ካልመሰለ ማንን ይምሰል? ፋሲካን? ፈጠራ እንደ ቧንቧ ሲከፍቱት የሚወርድ ይመስላቸዋል። እኔ እንደማውቀው ጥሩ ፎቶ የሚመጣው ያረፈ ዓይን ሲነቃ ነው። ፈጣሪ እንኳ ሁሉን ፈጥሮ በሰባተኛው ቀን አርፏል። ዜና ግን ሰባተኛ ቀን የለውም! ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ። በአፌ ያልኩት "እሺ" ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ካሜራውን በትርሲት ሹራብ ጠቅልዬ ቦርሳው ሥር ቀበርኩት።

በበዓሉ ቀን የአባባ ደግፌ ቤት ሞልቷል። ክትፎው በየጣባው ቀርቧል፤ አይቡና ጎመኑ አጠገቡ፣ ቆጮው ተቆርሶ። በትኩስ ቅቤ የታሸ ክትፎ ሽታ… አልነግራችሁም፣ ምናልባት ጾም ላይ ትሆናላችሁ። አባባ እጃቸውን ዘርግተው በጉራግኛ መመረቅ ጀመሩ። በበሩ የገባው ብርሃን መዳፋቸው ላይ አረፈ። እንፋሎቱ በጣቶቻቸው መካከል ሽቅብ ወጣ።

ያረፈው ዓይኔ ነቃ።

ቀስ ብዬ ወጣሁና ቦርሳውን ከፈትኩ። የካሜራው ማንገቻ ከሹራቡ ጋር ተጠላልፏል። ብጎትት አይመጣም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የልጄን ልብስ ሁሉ መሬት ላይ ዘረገፍኩት። ካሜራዬን ይዤ ተመልሼ ስገባ ቤቱ በአንድ ድምፅ "አሜን!" አለ። እጅ ሁሉ ወደ ጣባው ተዘረጋ።

"አባባ! አንዴ ይድገሙልኝ!"

እጆቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ባለቤቴ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

"ምኑን ልድገም?" አሉ አባባ።

"ምርቃቱን። ትንሽ ብቻ፣ እጅዎን ዘርግተው… ለፎቶ።"

አባባ ደግፌ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ፣ ምርቃት ትንሽ የለውም። ከተጀመረ ከሥሩ ነው። በሉ፣ እጃችሁን ከጣባው አንሱ! ደግ አደረግሽ፤ ቅድም የዘለልኳቸውም ነበሩ።"

የዘለሏቸው ብዙ ነበሩ! እንሰቱን፣ ላሞቹን፣ የታመሙትን መረቁ። ቡታጅራ ያገባችውን የልጅ ልጅ መረቁ። የወልቂጤን ባጃጅ ነጂዎች፣ ልብ ይስጣቸው ብለው መረቁ። መብራቱን መረቁ፣ ትራንስፎርመሩን ለብቻው መረቁ። የባለቤቴ ወንድም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"የጅማን መንገድ ጀምረዋል። ጅማ ሳይደርሱ ፎቶሽን አንሺና ገላግዪን።"

"እሺ፣ እሺ…"

"ቅቤው እየረጋ ነው፣ አንቺ ሴትዮ!"

እኔ ግን አነጣጥሬያለሁ። ብርሃኑ አለ፣ እጃቸው አለ። ቁልፉን ልጫን ስል አባባ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይቺን ልጃችንን" አሉ፣ "የሰው ደስታ ስትለቅም የኖረች ዓይኗን አሳርፍላት። የራሷን ማዕድ አሳያት። ከልጇ ጋር አብልተህ አጥግባት።"

እኛ ዘንድ ምርቃት የሚቀበሉት ሁለት መዳፍ ዘርግተው ነው። ቤቱ ውስጥ ያለ መዳፍ ሁሉ ለእኔ ተዘርግቷል። የእኔ ሁለት እጆች ብቻ ካሜራ ይዘዋል። ትርሲት ፊቴን አላየችም፤ እጆቼን ነው የምታየው።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። ብጫነው፣ በሥራ ዘመኔ ከተገኙት ምርጥ ፎቶዎች አንዱ ነው። አዘጋጁ "እናታችን" ብሎ አይጠግብም። ግን የክቡርነታቸው ሪባን ይገጠማል። ያመለጠኝን ምርቃት ማን ይገጥምልኛል?

ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። መዳፌን ዘረጋሁ። "አሜን!" አልኩ። ባለቤቴም "አሜን!" አለ። እንዲህ ያለ አሜን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

ክትፎው በርዶ ነበር። ቅቤው እንደ ሻማ ረግቷል።

"ቀዝቅዟል አይደል?" አለች ትርሲት እያጎረሰችኝ።

"ቀዝቅዟል።"

"በማን ምክንያት?"

"ዝም ብለሽ አጉርሺኝ።"

ከዚያ የጣመኝ ምግብ አላስታውስም። ተመስገን።

ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"እናታችን፣ ፎቶው?"

"የለም።"

"እንዴት የለም?"

"እጄ ተይዞ።"

"በምን?"

"በምርቃት።"

 "እሺ፣ ወይዘሮ" ብሎ ዘጋው። ሌሊቱን የምሰጋ መስሎኝ ነበር፤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ጋዜጣው ወጣ። ፊት ገጹ ላይ ትልቅ የመስቀል ፎቶ አለ፤ ሥሩ ላይ ስሜ፣ "ዘንድሮ በጉራጌ" ከሚል ጽሑፍ ጋር። አባባ ደግፌ እጃቸውን ዘርግተው ይታያሉ። ዓምና ያነሳሁት ነው! ደንግጬ ደወልኩ።

"አዲስ ፈጠራ አላልክም ወይ?"

"ማን ያውቅብናል? ክትፎ ያው ክትፎ ነው" አለኝ።

ነገ እርማት አውጣ ብዬ ስጨቃጨቀው፣ በሌላው መስመር አባባ ደወሉ። ጋዜጣው ከወልቂጤ ደርሷቸዋል።

"ልጄ፣ እዚህ ፎቶ ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ምርቃቱ ሳያልቅ የሚጎርሰው ጎረቤቴ ርስቱ ነው።"

"አዎ፣ አባባ።"

"ርስቱን በሐምሌ ቀብረነዋል እኮ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። "አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። የዓምና ፎቶ ነው፣ ዘንድሮ ብለው አወጡት። ለልጆቻቸውም ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ…"

"ልጆቹ እዚሁ ናቸው፤ ጋዜጣውን እየተቀባበሉ እየሳቁ ነው። ምን ይቅርታ አለው?" አሉ አባባ። "ጉራጌ አይደለም እንዴ? ለመስቀል አገሩ ሳይገባ የት ይቀራል!"